ደመወዙን ትቶ በግ የሚያደልበው ሰው ምን ፈልጎ ነው? የሥራ ፈጣሪዎች ተነሳሽነት ሲብራራ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን አንድ ወጣት የፋብሪካ ሥራውን ለቅቆ በግ ማድለብ ቢጀምር፣ ጎረቤቱ ከሁለት ማብራሪያዎች አንዱን ይሰጥለታል። አንደኛው «ገንዘብ አማረው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እርሱ ከልጅነቱም ደፋር ነበር» የሚል ነው። የወረዳ የሥራ ዕድል ፈጠራ ባለሙያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ሐሳቦች አይወጣም፤ የመነሻ ካፒታል ያጣውን ብድር ይሰጠዋል፣ ድፍረት ያጣውን ደግሞ አዳራሽ ሰብስቦ «ተነሱ፣ አይዟችሁ» ይለዋል። የሥነ ልቡናና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከ60 ለሚበልጡ ዓመታት የሰበሰቡት ማስረጃ ግን ሁለቱንም ማብራሪያዎች በእጅጉ ያሳንሳቸዋል። ሰው የራሱን ሥራ እንዲጀምርና በሥራው እንዲጸና የሚያደርጉት ነገሮች በዋናነት ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሥራውን በራሱ ውሳኔ መምራቱ፣ የድካሙን ውጤት በዓይኑ እያየ መለካቱ እና በሚኖርበት ሰው ዘንድ በሥራው መከበሩ። እነዚህ ፍላጎቶች ደግሞ በአንድ ሰው ውስጥ ተቀብረው የሚወለዱ አይደሉም፤ አካባቢው ያሳድጋቸዋል ወይም ያቀጭጫቸዋል።

ሥራ ፈጣሪ ሲባል በቴሌቪዥን የሚቀርበው ባለ ኮት ሰው ብቻ ወደ አእምሮ እንዳይመጣ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ከማሳ ገዝታ በአይሱዙ የምትጭነው ነጋዴ፣ በደብረ ሲና መውጫ ላይ ጎማ የሚጠግነው ልጅ፣ በመንዝ የበግ ጸጉር ፈትላ ዝተት የምታሠራው ሴት ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ ጥናቶች ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የገንዘቡ ነገር

ገንዘብ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ፣ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ከተቀጣሪዎች የተሻለ ገቢ ሊኖራቸው፣ ካልሆነላቸውም ሥራውን ትተው ወደ ቅጥር ሊመለሱ ይገባ ነበር። ባርተን ሃሚልተን የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2000 ባሳተመው የአሜሪካ ጥናት ያገኘው ከዚህ የተለየ ነው። በራሳቸው ሥራ 10 ዓመት የቆዩ ሰዎችን ገቢ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቢደረድሩት፣ መሐል ላይ የሚገኘው ሰው የሚያገኘው ተቀጥሮ ቢሠራ ከሚያገኘው በ35 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ በሥራቸው ቀጥለዋል። ማቲያስ ቤንዝና ብሩኖ ፍሬይ ደግሞ በ2008 የ23 አገሮችን መረጃ መርምረው፣ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩት ሰዎች ከተቀጣሪዎች ይልቅ በሥራቸው የረኩ እንደሆኑና የእርካታቸው ዋና ምንጭ በራስ የመወሰን ነጻነትና የሥራው አስደሳችነት እንደሆነ አሳይተዋል። እርግጥ ነው፣ ደህና ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የአሜሪካውን ቁጥር እንዳለ አምጥቶ መለጠፍ አይቻልም። ቁም ነገሩ ግን ሰዎች ለነጻነታቸው ከኪሳቸው የሚከፍሉ መሆናቸው ነው።

ኦስትሪያዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆሴፍ ሹምፔተር ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ጠርጥሮት ነበር። ሥራ ፈጣሪውን የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ነገሮች እንደሆኑ ጽፏል፤ የራሴ የሚለው ትንሽ መንግሥት የመመሥረት ሕልም፣ የማሸነፍና ከሌላው በልጦ የመታየት ፍላጎት እና አዲስ ነገር የመሥራት ደስታ። ከእርሱ ብዙ ዘግይተው የመጡት ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ሐሳቡን በሙከራ አስደግፈው፣ ሰው ሁሉ በሥራው ላይ ሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶች እንዳሉት አስቀመጡ። እነርሱም በራስ መመራት፣ «እችላለሁ» የሚል የብቃት ስሜት እና ከሌሎች ጋር መተሳሰር ናቸው።

ጉዳዩን በቅርብ ለማየት በደብረ ብርሃን አረቄ የምታወጣ አንዲት እናት እናስብ። ጌሾውን ወቅጣ ትጠነስሳለች፣ ቂጣውንና ብቅሉን ጨምራ ትደፈድፋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው የእርሷ እጅና አፍንጫ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲበረታ ድፍድፉ ቶሎ አይደርስም፤ ስለዚህ ማድረሱን የምታውቀው ቀን ቆጥራ ሳይሆን ጋኑን ከፍታ አሽትታና የድፍድፉን ፍላት አዳምጣ ነው። እሳት ላይ ከጣደችው በኋላ በቱቦው አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ የሚወርደውን ጠብታ በየጊዜው ትቀምሳለች፤ ጥንካሬው መቅለል ሲጀምር የትኛው ጠብታ ላይ ማቆም እንዳለባት የሚነግራት አለቃ የለም። ዘግይታ ብታቆም አረቄው ይቀጥናል፣ ደንበኛም ይሸሻል፤ ቀድማ ብታቆም ደግሞ የደከመችበት ድፍድፍ ባክኖ ይቀራል። ይህች ሴት ሥራዋን ለምን እንደማትተው ብትጠየቅ «ልጆቼን አሳድግበታለሁ» ማለቷ አይቀርም፤ መልሷም እውነት ነው። ነገር ግን «የእትዬ እገሊት አረቄ» ተብሎ ከሌላው ተለይቶ የሚጠየቅ ነገር የሠራችው በራሷ ፍርድ ነው፤ ዴሲና ራያን የዘረዘሯቸው ሦስቱም ፍላጎቶች በዚያ ጠብታ ላይ ተገናኝተዋል።

ዴሲ በ1971 ያሳተመው ሙከራ ደግሞ ለድጎማ ሰጪዎች የሚጠቅም ነገር ይዟል። ተማሪዎች ደስ እያላቸው የሚሠሩትን እንቆቅልሽ መሰል ጨዋታ ለፈቱበት ገንዘብ ሲከፈላቸው በርትተው ሠሩ፤ ክፍያው ሲቋረጥ ግን በዕረፍት ጊዜያቸው በጨዋታው ላይ የሚያጠፉት ጊዜ አስቀድሞ ከነበረው ቀነሰ። ለሥልጠና በተቀመጡበት ቀን አበል የለመዱ ማኅበራት አበሉ ሲቀር የሚበተኑበትን ምክንያት ከዚህ አንጻር ማየት ይቻላል። ይህ የእኔ ግምት እንጂ የዴሲ ድምዳሜ አይደለም።

ሥራ ፈጣሪ አደጋ ይወዳል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዴቪድ ማክሌላንድ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያደረጋቸው ጥናቶች በዚህ ርዕስ ላይ እስካሁን መነሻ ሆነው ያገለግላሉ። አንዱ ሙከራው እጅግ ቀላል ነበር። ሰዎች ቀለበት እየወረወሩ መሬት ላይ የተተከለ እንጨት ላይ እንዲያጠልቁ ይጠየቃሉ፤ ከምን ያህል ርቀት እንደሚወረውሩ ግን ራሳቸው ይመርጣሉ። አንዳንዱ አጠገቡ ቆሞ ያለ ምንም ችግር ያጠልቃል፤ አንዳንዱ እጅግ ርቆ ዕድሉን ይሞክራል። ማክሌላንድ «የስኬት ፍላጎት» ብሎ የጠራው ነገር ከፍ ያለባቸው ሰዎች ግን ከሁለቱም ወገን አልነበሩም፤ ለመሳት የሚያሰጋ፣ በጥረትና በችሎታ ግን ሊሳካ የሚችል መካከለኛ ርቀት ላይ ይቆሙ ነበር። ከቅርብ መወርወር የሚያኮራ ነገር የለውም፤ ከሩቅ መወርወርም ቢሳካ የዕድል ሥራ ስለሆነ አያረካቸውም። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ገንዘብ ሠርቶ ምን ያህል እንደተሳካለት የሚያነብበት መለኪያ ነው።

ወደ በጉ እንመለስ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ገበያ አንድ በግ ገዝቶ እዚያው ውሎ ትንሽ አትርፎ መሸጥ ይቻላል፤ የሚያሰጋም ነገር ብዙ የለውም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቤት አስይዞ ተበድሮ 50 በግ በአንድ ጊዜ ማስገባት አለ። የማክሌላንድ ሰው ከጥር በኋላ ስድስት ወይም ስምንት በግ ይገዛል። ሲገዛም ጀርባውን ዳብሶ፣ ላቱን ጨብጦ፣ ጥርሱን ከፍቶ አይቶ፣ አጥንቱ ሰፊ ሆኖ ሥጋ ያልያዘውን መርጦ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ የሚከፈለው በበጉና በሙክቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው። የባቄላ ገለባው፣ ፉርሽካውና ፋጉሎው ከበጎቹ አስቀድሞ ቤት መግባት አለበት፤ በጾሙ አጋማሽ መኖ ተወድዶ ቢያልቅበት ከሲታ በግ ይዞ ወደ ገበያ ይወጣልና። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ፈላጊ በሌለበት ጊዜ ይበላል፣ ይቀልባል፣ ያሳክማል፤ ሒሳቡ የሚዘጋው በፋሲካ ዋዜማ ገበያ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አደጋ አለ፤ አደጋው ግን በዕውቀቱና በትጋቱ ሊቀንሰው የሚችለው ዓይነት ነው። ጎረቤት ከውጭ ሲያየው ድፍረት የሚለው ነገር ለባለቤቱ ብዙ ጊዜ ስሌት ነው።

ፍራንክ ናይት የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1921 ያስቀመጠው ልዩነት እዚህ ላይ ይጠቅማል። መጠኑ ሊገመት የሚችል ስጋት አለ፤ ምን ያህል እንደሆነ ጨርሶ የማይታወቅ ደግሞ አለ። የመኖ ዋጋ፣ የበግ በሽታ፣ የሽንኩርት ገበያ መውደቅ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ የሸዋ ሮቢት ገበሬ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ደርሶ ዋጋው እንደሚወድቅ ስለሚያውቅ ከፊሉን መሬት ማሾ ይዘራበታል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ሲቃጠሉ ሱቁን ያጣው ነጋዴ የደረሰበት ግን በየትኛውም ስሌት ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው። ዳንኤል ካህኔማንና አሞስ ተቨርስኪ በ1979 ባቀረቡት ሥራ እንዳስረዱት፣ ሰው የያዘውን ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል፤ ኋላ የተደረጉ ልኬቶች ልዩነቱን ወደ እጥፍ ያደርሱታል። እንዲህ ያለ ጥፋት ያየ ሰው ገንዘቡን በዕቃ ከማብዛት ይልቅ በቀላሉ ይዞት ሊወጣ በሚችለው መልክ ማስቀመጥን ቢመርጥ ተነሳሽነት አጣ ሊባል አይገባውም። ከፍርስራሹ አጠገብ ሸራ ወጥሮ ሻይ ማፍላት የጀመረውንም በግድ ጀግና ማድረግ አያስፈልግም፤ ሌላ መንገድ ላይኖረው ይችላልና።

አንድ ነገር ግን ድፍረትን የሚመስል አለ፤ እርሱም ከልክ ያለፈ ተስፋ ነው። አርኖልድ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1988 ባሳተሙት ጥናት 2,994 የአሜሪካ ሥራ ፈጣሪዎችን ሲጠይቁ፣ 81 በመቶዎቹ ሥራቸው የመሳካት ዕድሉ ከ10 ሰባትና ከዚያ በላይ እንደሆነ ተናገሩ፤ 33 በመቶዎቹ ደግሞ ከ10 አሥር ሰጡ። ስለ ሌሎች ሰዎች መሰል ድርጅት ሲጠየቁ ግን ግምታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከአንድ መንደር አምስተኛውን ጸጉር ቤት የሚከፍተው ልጅ የሚያስበውም ከዚህ አይርቅም።

የተገፋና የተሳበ

ጥናቶች ሥራ ፈጣሪዎችን ችግር ገፍቷቸው የገቡና አማራጭ እያላቸው ዕድል ስቧቸው የገቡ በማለት ለሁለት ይከፍሏቸዋል። ክፍፍሉ ለቁጥር ሥራ ይመች ይሆናል፤ በሰሜን ሸዋ ላይ ግን ቶሎ ይፈርሳል። ደብረ ብርሃን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎች ብዙ ማምረቻዎች ተጨምረዋል። ስለዚህ የጠቀስነው በግ አድላቢ ሥራ ያጣ ሰው አይደለም፤ ሥራ እያለው የወጣ ነው። አባቱ «ልጄ፣ ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ እያለህ በግ ተከትሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው?» ቢሉት፣ «አባዬ፣ እዚያ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የማስፈቅደው ሰው አለ፤ እዚህ በጉ ቢከሳም ቢደልብም ጥያቄው የራሴ ነው» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ይህ ሰው ተገፋ ወይስ ተሳበ?

በዚህ ጥያቄ ላይ እጅግ ጠቃሚው ማስረጃ የመጣው ከኢትዮጵያ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለዝቅተኛ የፋብሪካና የእርሻ ልማት ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ወጣቶችን በዕጣ በሦስት መደቧቸው። አንዱ ቡድን ያመለከተበትን ሥራ አገኘ፤ ሁለተኛው የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ የመነሻ ገንዘብ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች አልተሻለም፤ ይልቁንም ከሥራው ጋር የተያያዘ የጤና ችግር በእነርሱ ላይ ጎልቶ ታየ። ገንዘቡንና ሥልጠናውን ያገኙት ግን ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ አደገ። ተመራማሪዎቹ እንደተረዱት፣ ብዙዎቹ ወጣቶች የፋብሪካውን ሥራ የሚያዩት እንደ መጠጊያ ነበር፤ ሌላ ነገር እስኪገኝ ወይም የገጠማቸው ችግር እስኪያልፍ ይጠለሉበታል እንጂ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ብለው አይዙትም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለሥልጠና አዘጋጆች ጥሩ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ሲፈልጓቸው ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ተገኘ። የመነሻ ገንዘብ ያገኙት ብዙዎቹ ንግዳቸውን ትተው ነበር። ከዚህ የምረዳው፣ ሰውን ወደ ሥራው የሚያስገባው ተነሳሽነትና በሥራው የሚያቆየው ተነሳሽነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ለማስገባት ገንዘብና ከአለቃ ቁጥጥር የመውጣት ፍላጎት ይበቃሉ። ለመቆየት ግን ሰውየው እየተሻለው እንደሆነ የሚያይበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ደንበኛው ቢበዛ የት እንደሚያደርሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከስምንት በግ ወደ አሥራ አምስት ለመሄድ መሬቱና መኖው ከየት እንደሚመጣ መታየት አለበት። ያ ሳይታየው ሲቀር ሌላ ሥራ ይሞክራል።

በዚህ ላይ የዘመድ ነገር ይጨመራል። አንድ ሰው ትንሽ ሲያተርፍ የእህት ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የአጎት ሕክምና፣ የሠርግና የተዝካር መዋጮ ወደ እርሱ ያዘነብላል። ፓሜላ ጃኪየላና ኦወን ኦዚየር በኬንያ ገጠር ባደረጉትና በ2016 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንዳንድ ሴቶች ያገኙት ገቢ ከዘመድ ዓይን እንዲሰወርላቸው ሲሉ አነስተኛ ትርፍ የሚያስገኘውን አማራጭ ይመርጡ እንደነበር ታይቷል። የእኛ ሰው ለዚህ መድኃኒቱን በእቁብ አግኝቷል። «የእቁብ ነው» የተባለ ብር ለማንም አይበደርም፤ ይህን ቢል ዘመድ አይቀየምም፤ እቁብተኛውም በየሳምንቱ በጓደኞቹ ፊት ስለሚጥል ራሱን ያስገድዳል። መተሳሰርን ሳይጎዳ በራስ መመራትን የሚጠብቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ በየትኛውም የሥልጠና ሰነድ ላይ አላየሁም።

ክብርና ነውር

ከሁሉም በላይ ሊተኮርበት ሲገባ በሥልጠናዎች ላይ የሚዘለለው ይህ ነው። በቀድሞው የሸዋ ኅብረተሰብ የሚያስከብረው መሬት፣ ጦርና ክህነት ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ» እየተባለ በቡዳነት ይፈራና ይገለል ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ፋቂውም ከዚህ አላመለጡም፤ ነጋዴውም የራሱ መሰደቢያ ነበረው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። አዋጅ ደግሞ ስድቡን እንጂ ስሜቱን አይሽርም። በሥራው የሚዋረድ ሰው ሥራውን ቢያውቅ እንኳ ልጁ እንዲወርሰው አይፈልግም፤ ዲግሪ ይዞ «ሥራ የለኝም» ማለት ሊስትሮ ወይም ብረት በያጅ ከመባል የሚቀልለው ወጣት ዛሬም አለ። ይህን ልጅ ሰነፍ የሚሉት ያለ ፍርድ ነው፤ እርሱ የሚያደርገው ክብሩን ከኪሳራ መጠበቅ ነው፤ ካህኔማንና ተቨርስኪ የጻፉት የማጣት ሕመም በገንዘብ ብቻ አይለካም።

ይህ የተገላቢጦሽም ይሠራል። ኤቨሬት ሄገን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1962 ባቀረበው ሐሳብ፣ የኅብረተሰቡ ባለ ሥልጣናት ተገቢውን ክብር የነፈጓቸው ወገኖች በጊዜ ብዛት በሌላ መንገድ፣ በተለይም በንግድና በጥበብ፣ ራሳቸውን ለማስመስከር ይነሳሉ ብሏል። ሐሳቡ ሁሉን ያስረዳል ብሎ መውሰድ አይገባም። ያም ሆኖ ከአንኮበር ሥር ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ ለወረደ ሰው ነገሩ ባዶ አይመስለውም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ቅፍለቶች የሚያርፉባት፣ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ቡና የሚለዋወጥባት ይህች ገበያ ዋና ባለቤቶቿ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ በተለይም አርጎባዎች ነበሩ። ከላይ በደጋው ያለው ሰው ክብሩን በርስትና በሹመት ሲፈልግ፣ እነርሱ ንግድንና ሽመናን የማንነታቸው ክፍል አድርገው ለልጅ ልጅ አስተላለፉ። በእነርሱ ዘንድ ነጋዴ መሆን የሚያስከብር ነገር ነበር፤ ልጁም የሚያየው አባቱንና አጎቱን ነው።

ማንን እያዩ ማደግ ወሳኝ እንደሆነ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት አሳይቷል። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ሰይፉ ታፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ለሚኖሩ ገበሬዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። በፊልሞቹ የሚታዩት ከእነርሱው የማይለዩ፣ በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ደግሞ ተራ የመዝናኛ ዝግጅት ተመለከቱ። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሞቹን ያዩት ይበልጥ ቆጥበው፣ ለልጆቻቸው ትምህርትም ይበልጥ ትኩረት ሰጥተው ተገኙ። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው የሚመስላቸውን ሰው ማየት ነው። ደብራጅ ሬይ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እንዳስረዳው ሰው ምኞቱን የሚለካው በዓይኑ ልክ ካሉት፣ ከእርሱ ጥቂት ከቀደሙት ሰዎች ጋር ነው፤ ልዩነቱ ሲጠብ የሚተጋበት ምክንያት ያጣል፣ እጅግ ሲሰፋም ተስፋ ይቆርጣል። ለሞጃና ወደራ ወረዳ ገበሬ የቢሊየነር ታሪክ መንገር የማይሠራው ለዚህ ነው። ከእርሱው ቀበሌ በባቄላ ዘር የጀመረውን ሰው ቢያሳዩት ግን ጥያቄ ይጀምራል፤ ዘሩን ከየት አመጣህ፣ ለማን ሸጥክ፣ መጀመሪያ ስንት ከሰርክ?

ተነሳሽነት ይማሩታል?

ማክሌላንድ ይማሩታል ብሎ ስለሚያምን በ1960ዎቹ ወደ ሕንድ ሄዶ በካኪናዳ ከተማ ያሉ ነጋዴዎችን አሠልጥኗል፤ ሠልጣኞቹም ካልሠለጠኑት ይልቅ ሥራቸውን አስፋፍተው ታይተዋል። በተባበሩት መንግሥታት በ1988 የተጀመረው ኤምፕሬቴክ የተባለው ሥልጠና የቆመው በእርሱ ሐሳብ ላይ ነው፤ በኢትዮጵያም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ በሥራ ፈጠራ ልማት ማዕከሉ በኩል ሲሰጥ ቆይቷል። የስድስት ቀኑ ሥልጠና የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሳይሆን ዕድል መፈለግን፣ መጽናትን፣ ግብ ማስቀመጥንና መረጃ መሰብሰብን የመሳሰሉ አሥር ጠባዮችን ማለማመጃ ነው።

በዚህ መስመር እስካሁን ጠንካራ የሆነው ማስረጃ በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የቶጎ ጥናት ነው። በሎሜ ከተማ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንድ ሦስተኛው የተለመደውን የሒሳብ፣ የገበያና የሠራተኛ አያያዝ ሥልጠና ወሰደ፤ አንድ ሦስተኛው ሳይታዘዙ መጀመርን፣ አርቆ ማሰብንና እንቅፋት ሲገጥም አለመተውን የሚያለማምድ የሥነ ልቡና ሥልጠና ወሰደ፤ የቀረው አልሠለጠነም። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በተደረገው ክትትል የሥነ ልቡናውን ሥልጠና የወሰዱት ትርፍ በ30 በመቶ ጨመረ። የተለመደውን የወሰዱት ጭማሪ 11 በመቶ ነበር፤ እርሱም በስታቲስቲክስ መለኪያ ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም። ይህ የሒሳብ መዝገብ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የሚመዘግበው ነገር ያላሰበ ሰው መዝገቡ ብቻውን እንደማይጠቅመው ግን ያመለክታል።

በሎሜው ሥልጠና ነጋዴዎቹ የሚለማመዱት ነገር ረቂቅ አልነበረም። ጎረቤትህ የማይሸጠውን ምን ልትሸጥ ትችላለህ፣ ደንበኛህ ሳይጠይቅህ የሚያስፈልገው ምንድን ነው፣ አቅራቢህ ነገ ቢከለክልህ ማንን ታገኛለህ የሚል ዓይነት ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ወደ አረቄ አውጪዋ እናት ብናመጣቸው፣ በዚያው መንደር ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አረቄ ለአንድ ዓይነት ጠጪ እንደሚሸጡ ታስተውላለች። ደጋግማ አውጥታ ዳግም ብትሠራ፣ ለአዲስ አበባ መንገደኛ በንጹሕ ጠርሙስ ብታቀርበው፣ የሚተርፈውን አተላ ለበግ አድላቢው ልጅ በውል ብትሸጥለት ምን ይመጣል? የመጀመሪያው ተጨማሪ እንጨትና ጊዜ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ጠርሙስና ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ግን ነገ ጠዋት ደጃፏ ላይ ሊጀመር የሚችል ነው።